ቤትዎን ጋቢ ማልበስ

ዛሬ ማታ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙሶች ውኃ ይሙሉ፤ እንዳይፈነዱ ከላይ ትንሽ ያጉድሉላቸውና ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሯቸው። ጠዋት በረዶ ሆነው ሲወጡ አንዱን ጠረጴዛው ላይ እንዲሁ ያቁሙት፤ ሌላውን በጋቢ ጥቅልል አድርገው አጠገቡ ያስቀምጡት። ከዚያ ልጆቹን «የትኛው ቀድሞ የሚቀልጥ ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቋቸው።

አብዛኞቹ «ጋቢ የለበሰው!» ይላሉ። ጋቢ ያሞቃል ብለን አይደል ያሳደግናቸው? ግን ራቁቱን የቆመው ቀድሞ ውኃ ይሆናል። ያን ጊዜ ጋቢውን ሲገልጡ፣ የሁለተኛው ጠርሙስ በረዶ ገና እየተንኳኳ ያገኙታል።

ጋቢ ሙቀት አይፈጥርም። ብርድ ሲሆን የሚያሞቅዎ የራስዎ ገላ ነው፤ ጋቢው ያ ሙቀት ቶሎ እንዳይሸሽ ይይዘዋል። በረዶውን ሲጠቀልሉበት ደግሞ የክፍሉ ሙቀት ቶሎ እንዳይገባ ያዘገየዋል። ለእሱ መግባትም መውጣትም አንድ ነው።

በምን ያዘገየዋል? ምስጢሩ የተያዘ አየር ነው። ኩታ ሁለት ድርብ፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ በየድርቡ መካከልና በፈትሉ ውስጥ አየር ታስሮ ይቀመጣል። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀት ለማሳለፍ እጅግ ሰነፍ ነው። ኮንክሪት ከእሱ ከ40 እጥፍ በላይ፣ ቆርቆሮ የሚሠራበት ብረት ደግሞ 2,000 እጥፍ ያህል ያሳልፋል። ገበያ ላይ «ኢንሱሌሽን» የሚባለው አብዛኛው ዕቃ፣ ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ እንደሚመጣው ያለ ነጭ ፎምም ሆነ እንደ ጥጥ የተባዘተው የመስታወት ክር፣ ዋናው ሸቀጡ ይኸው የታሰረ አየር ነው።

ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ታዲያ ቤትዎ የቱ ጋ እንደተራቆተ ይወቁ።

ቆርቆሮ ቤት ከሆነ መልሱ ከራስዎ በላይ ነው። ፀሐይ በበረታበት ቀን ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ፣ መጋዘንም ይሁን ማድ ቤት፣ ወንበር ላይ ይቁሙና መዳፍዎን ወደ ቆርቆሮው ያስጠጉ፤ እንዳይነኩት። ምጣድ ላይ እጅ እንደ ዘረጋ ሰው ይሰማዎታል። ያው ቆርቆሮ በታኅሣሥ ጥርት ያለ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ሰማይ ሲያወጣ ያድርና ከአካባቢው አየር እንኳ ይበርዳል። የተኛው ሰው ትንፋሽ እዚያ ሲደርስ ጤዛ ይሆናል፤ ዝናብ ሳይኖር ወደ ንጋት ላይ አልጋው ላይ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው።

የሣር ጎጆ ይህ ችግር አልነበረበትም። ወፍራሙ ክዳን በአገዳዎቹ ውስጥና መካከል አየር አስሮ ይይዛል። እሳትና የየጊዜው እድሳት አስቸግሮ ሣሩ ሲወርድ ጋቢውም አብሮ ወረደ።

ኮርኒስ የምንሠራው ያንን ለመተካት ነው። እኔ ያደግሁበት ቤት ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር፤ ለዓይን ቢያምርም በየጥጉ አየር ያስገባል። ችፑድ ይሻላል። ከችፑዱ በላይ ፎም ወይም የመስታወት ክር ቢነጠፍ ደግሞ ልዩነቱ በመጀመሪያው ሌሊት ይታወቃል። ገንዘብዎ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ እዚህ ላይ ያውሉት። ፎም ግን ቶሎ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዝ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከእሳት ይራቅ፣ ገላውም አይታይ።

የሚያብረቀርቅ ፎይል ልጠፍ ካሉ አስቀድመው ይህን ይሞክሩ። የማድ ቤት ፎይል ጉንጭዎን ሳያስነኩ አጠገቡ ይያዙት። ትንሽ ቆይቶ ሙቀት ይሰማዎታል፤ የራስዎ ጉንጭ ሙቀት ነው ተመልሶ የመጣው። ሲያስነኩት ግን ይቀዘቅዝብዎታል። ጣሪያ ላይም እንዲሁ ነው፤ በፎይሉና በቆርቆሮው መካከል ክፍተት ይተዉ። ተጣብቆ ከተመታ በዚያ በኩል ሙቀቱን አይመልስም።

የጭቃ ግድግዳን ብዙ አይንኩት። ከጭዱ ጋር ተቦክቶ የተመረገው ወፍራም ጭቃ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ማታ ቀስ ብሎ ይመልሳል። ምዕራብ የሚያየውን ግድግዳ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ከውስጥ በመዳፍዎ ይዳስሱት፤ ፀሐይዋ ገና እዚያ አለች። ፕላስቲክ ወይም ፎም ቢለጥፉበት እርጥበት ያፍናል፣ እንጨቱም ሳይታይ ይበሰብሳል። ጥሩ የጣሪያ ክንፍ ይበቃዋል።

ብሎኬት ቀዳዳ ስላለው አየር የያዘ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ሰፊ በመሆኑ አየሩ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል፣ ሲሚንቶውም ሙቀቱን ያሻግራል። ኮንዶሚኒየም መካከለኛ ወለል ላይ ከሆኑ ከላይና ከታች ያሉት ጎረቤቶችዎ ጋቢዎ ናቸው፤ መስኮቱን ብቻ ያብጁ። የመጨረሻው ወለል ላይ ከሆኑ ኮርኒሱን፣ ጥግ ላይ ከሆኑ ደግሞ ለውጭ የተጋለጡትን ግድግዳዎች ያስቡ።

ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላሉ አንባቢዎች ሥራው እንደ በረዶው ጠርሙስ ነው፤ ሙቀቱ እንዳይገባ። ጣሪያውን ነጭ ቀለም መቀባት፣ መስኮቱን ከውጭ ማጥላት፣ ሌሊት አየር ማስገባት። ወፍራም ግድግዳ እዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ሲተነፍስ ሊያድር ይችላል። የአፋር አርብቶ አደር ከሰሌን የሚሠራው ቀላል ቤት ሙቀት የሚያከማችበት ቦታ ስለሌለው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ሁሉም ቤት ግን በር አለው። ነፋስ ባለበት ምሽት ዕጣን ያጭሱና ማጨሻውን በበሩና በመስኮቱ ጠርዝ በቀስታ ያዙሩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ከተጣመመ ሙቀትዎ የሚሸሸው በዚያ ነው። አሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ከበሩ ሥር ያስተኙ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ ይድፈኑ።

እንዲህ በደፈኑት ቤት ውስጥ ግን ከሰል አያንድዱ። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ጭስ አይመስልም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቡና የሚፈላውም በርና መስኮት ተከፍቶ ይሁን፤ ሲያበቃ ፍሙ ቢያምርም፣ ብርዱ ቢከፋም፣ ምድጃው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጣ።