የላሊበላ ጣሪያና የላሊበላ ሰው

የገና ዋዜማ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በእግራቸው የተጓዙ አንድ ሽማግሌ ከደጃፉ መደብ ላይ አረፍ ብለዋል። ድርቆሽና በሶ የተቋጠረበት ከረጢታቸው ከጎናቸው ነው። የቤቱ እመቤት ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥታ ፊታቸው በርከክ አለችና በረባሶ ጫማቸውን ፈታች። «ተይ ልጄ፣ እኔው እታጠባለሁ» ብለው እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «አባቴ፣ በረከቴን አይከልክሉኝ» አለችና ተረከዛቸውን በመዳፏ ያዘች። ተረከዙ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል። ውሃው ወዲያው ቀላ፤ የላስታ አፈር ነው። እግሩን በነጠላዋ ጫፍ አድርቃ ከሳመች በኋላ ሳፋውን ደፍታ ሌላ ውሃ ቀዳች። ከመደቡ ጥግ ተራ የሚጠብቁ አራት እንግዶች ነበሩ። ያ ውሃ በጀሪካን ተሸክማ ያመጣችው ነው።

በገና ሰሞን ላሊበላ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር በየደጃፉ ታያላችሁ። እንግዳው ከየት እንደመጣ እንጂ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም፤ ገንዘብ የሚቀበልም የለም። ጾሙ እስኪፈታ ንፍሮና ሽሮ፣ ከተፈታ በኋላ ያለው ሁሉ ይቀርባል። ቤት ሲሞላ በረንዳው፣ በረንዳው ሲሞላ ሜዳው ማደሪያ ይሆናል።

ስለ ላሊበላ ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድመው ድንጋዩ ነው፤ ይገባዋልም። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከቀይ ዓለት ተፈልፍለው የወጡ 11 አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ቦታ ተሰብስበው የት ይገኛሉ? በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያያቸው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ እነሱ ከጻፈ በኋላ፣ የሚያምነኝ አላገኝም ብሎ ሰግቶ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብም ላሊበላ ከስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጋር ከመካከላቸው ነበረች። እኔን ግን ላሊበላን ባየሁ ቁጥር የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው፦ ለቅርሱ ተብሎ በሚወሰነው ሁሉ ውስጥ ያቺ እግር አጣቢ ሴት ቦታዋ የት ነው?

ምክንያቱም እነዚህ ሕንጻዎች ሙዚየም አይደሉም። ዛሬም ይቀደስባቸዋል፣ ሕፃን ክርስትና ይነሣባቸዋል፣ ታማሚ ይጸበልባቸዋል። ከታላቁ ከቤተ መድኃኔ ዓለም የማይለየው አፍሮ አይገባ የሚባለው መስቀል በመስታወት ሣጥን ተቆልፎበት የሚታይ ዕቃ አይደለም፤ ካህኑ ከመጋረጃ ውስጥ ያወጡትና የታመመውን ሰው ጀርባና ወገብ ያሹበታል። በ1989 ዓ.ም. ይህ መስቀል ተሰርቆ ቤልጅየም ድረስ ተሻግሮ ነበር፤ የተመለሰው ከ4 ዓመት በኋላ ነው። ለውጭው ዓለም የተሰረቀው ጥንታዊ የጥበብ ሥራ ነው፤ ለላሊበላ ሰው ግን የሚሳለመው፣ ሲያመው የሚዳሰስበት ነበር።

ኑሮውም ከደብሩ አይነጠልም። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ የላስታ ገበሬ ጤፉን፣ ገብሱን፣ ጌሾውን፣ ማሩን፣ በጉን ይዞ ከየአቅጣጫው ይወጣል። ሸጦ ሸምቶ ሳይሳለም የሚመለስ ጥቂት ነው። የጽዋ ማኅበሩ፣ እድሩ፣ እቁቡ ቀኑን የሚቆጥረው በታቦቱ ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ደግሞ ክብ ሆነው በድንጋይ የተሠሩ፣ ሣር የለበሱ፣ ደርብ ያላቸው የላስታ ቤቶች ነበሩ። ቅዳሴው ቤት ድረስ ይሰማ ነበርና፣ ለመራመድ አቅም ያነሳቸው አረጋውያን ከደጃቸው ሆነው ያስቀድሱ ነበር።

ከእነዚህ ቤቶች ጥቂቶቹ ለማስታወሻ ቀርተዋል። ነዋሪው ግን በ2000ዎቹ ዓ.ም. ቅርሱን ከመኖሪያ ጫና ለማላቀቅ ተብሎ ኩራኩር ወደሚባለው አዲስ ሰፈር እንዲሄድ ተደረገ። የፍሳሹንና የእሳቱን ስጋት አልክድም፤ ሣር ክዳን የለበሰ ቤት ተጠጋግቶ ሲሠራ አደጋ አለው። ነገር ግን ከደጁ ቅዳሴ ይሰማ የነበረ ሰው አሁን ዳገት መውጣት አለበት። አዲስ ቤት ተሰጥቶታል፤ ጉርብትናው ግን ካሳ የሚተመንለት ነገር አልነበረም። ባዶ የቀረውን ግቢ ሳይ፣ ለጎብኚ ዓይን እንዲጸዳ ተብሎ ለዘመናት ጠባቂ የነበረው ሰው የተገፋ መስሎ ይሰማኛል።

ወደ ጣሪያው ልምጣ። የላሊበላ ጠላት ውሃ ነው፤ ፈልፋዮቹም ይህን ያውቁ ነበር። ቤተ ጊዮርጊስን ልብ ብሎ ያየ አሸንዳዎቹን አይስታቸውም፤ ዝናቡ ከግድግዳው ርቆ እንዲወርድ ከዓለቱ ጋር አብረው የተፈለፈሉ ናቸው። የግቢዎቹ ወለልና ቦዮቹም ውሃውን እየተቀባበሉ ወደ ታች ያወርዱታል፤ ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ምድብ የሚለየው ዮርዳኖስ የተባለው ወንዝም በዚያው መሐል ነው። ዘመን ሲገፋ ግን ዓለቱ ተሰነጠቀ፣ ቦዩ ተደፈነ፣ ውሃው መግባት ጀመረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የጥገና ታሪክ ነው፤ አንዱ ያበላሸውን ሌላው ሲያቃና የኖረበት። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተወሰኑት በሬንጅ ተለስነው ቀይ ቀለም ተቀቡ። ለበጎ ታስቦ ነው፤ ግን ዓለቱ መተንፈሻ አጣ። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ፣ ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በሚባለው ድርጅት ድጋፍ፣ ያንን ልባስ እያስፋቀ ስንጥቁን ሲደፍን ዓመታት ፈጀ። ኋላም የቆርቆሮ ከለላ መጣ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የዛሬዎቹ ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ፤ ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ ከሥራቸው ገቡ።

ጊዜያዊ ናቸው ተባለ። ጊዜያዊው ከዓመት ዓመት ተሻገረ። ነፋስ በተነሣ ቁጥር የብረቱ ድምፅ ሲሰማ፣ ይህ ግዙፍ ነገር ወድቆ ይጨፈልቃቸው ይሆን የሚለው ሐሳብ በከተማው ሰው ልብ ውስጥ ሰነበተ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ሰልፍ ወጥቶ መጠለያው ይነሣ አለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ላሊበላ መጥተው አገራቸው እንደምታግዝ ቃል ገቡ። ከተማዋም ተስፋ አደረገች።

እኔ እንደሚመስለኝ መጠለያውን ዛሬውኑ ነቅሎ መጣል መፍትሔ አይሆንም፤ ስንጥቁ ሳይደፈን፣ ቦዩ ሳይጠረግ ክረምት ቢገባ የሚጎዳው ያው ዓለቱ ነው። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልና በቤተ ጎልጎታ ወሚካኤል የተሠራው ጥገና ግን ሕንጻን በራሱ ጣሪያ እንዲኖር ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። ከባለሙያ ጎን ሆነው ድንጋይ መጥረብና ማልበስ የተማሩ የከተማው ልጆችም አሉ። ቀጣዩ ጥገና በእነሱ እጅ ሊሆን ይገባል፤ ክረምት ከበጋ ሳይለዩ ግድግዳውን የሚያዩት እነሱ ናቸውና።

ዳሩ ግን እጅ እንዲቆይ እንጀራ ያስፈልጋል። ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚው፣ የሆቴል አስተናጋጁ፣ መስቀል ቀራጩ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ የበቅሎ ኪራይ የሚያሠራው ሁሉ የሚኖረው በእንግዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገዱን ዘጋ። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ድረስ ገባ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ተለዋወጠች፣ መብራት ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ። ተገላገልን ሲሉ ሌላ ግጭት ተከተለ። በዚህ ሁሉ መሐል ካህናቱ ቅዳሴውን አላስታጎሉም፤ የገና ለታም ማሜ ጋራ በሚባለው ከፍታ ላይ ተሰልፈው ቤዛ ኩሉ የተሰኘውን ዝማሬ ወርበዋል፤ ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ ሆነው።

ከቤተ ማርያም መግቢያ ላይ አንድ ጫማ ጠባቂ አለ። ድሮ ጎብኚ ሲበዛ ጫማው እስከ ደረጃው ይሰለፍ እንደነበር በእጁ እየለካ አሳየኝ። ያን ቀን ፊቱ የነበሩት አራት ጥንድ ብቻ ናቸው፤ አንዱ የኔ፣ አንዱ የፈረንጅ ቦቲ፣ ሁለቱ የተሳላሚዎች ኮንጎ ጫማ። ከተሳላሚ ገንዘብ አይቀበልም። ሰማዩ ሲጠቁር ነፋስ ተነሣ፤ ከላያችን ብረቱ ጓ አለ። ቀና ብሎ አየው፣ አማተበ። ዝናቡ ሲጀምር አራቱንም ጥንድ አቅፎ ወደዚያው መጠለያ ሥር ገባና አፋቸውን ወደ መውጫው አዙሮ እንደገና ደረደራቸው።