ቤንዚን ፒካፕዎን ወደ ኢታኖል ለመቀየር ከማሰብዎ በፊት



ባለፈው የመስኖ ወቅት ከጣና ዳር ቀበሌዎች በአንዱ ቤንዚን ጠፋ። በሃይላንድ የሚሸጠውም ዋጋው የማይቀመስ ሆነ። ሽንኩርት ራስ መቋጠር በጀመረበት ሳምንት ውሃ ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። አንድ ብርቱ አርሶ አደራችን ጨነቃቸውና የቀረቻቸውን ቤንዚን ከሁለት ሊትር ዳግም አረቄ ጋር ቀላቅለው ሞተር ፓምፑ ውስጥ ጨመሩ። ሞተሩ ተነሳ፣ ጥቂት ደቂቃ ሠራ፣ አስነጠሰና ጠፋ። መካኒክ ሲፈታው ካርቡራቶሩ ሥር ውሃ ተኝቶ አገኘ። “አረቄ እኮ ይነድዳል፤ ክብሪት ስጭርበት ተቀጣጥሏል” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይነድዳል።

ከዚያ በኋላ አሮጌ የቤንዚን ፒካፕ ያላችሁ አርሶ አደሮች “መኪናውስ በአልኮል አይሄድም ወይ?” እያላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ይህን አዘጋጅቻለሁ። መልሱ ይሄዳል ነው። ብራዚል ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ኢታኖልን በመንግሥት ፕሮግራም አስፋፍታለች፤ በ1979 እ.ኤ.አ. በኢታኖል ብቻ የሚሄድ ፊያት መኪና ገበያ ላይ ውሏል። በአገራችንም አዲስ አበባ ላይ በ2001 ዓ.ም. 5 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኢታኖሉ የሚመረተው እንደ ፊንጫና መተሐራ ባሉ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ነው፤ ገለባ ላይ እየረጩ ከብት የሚያደልቡበት ያው ሞላሰስ ማለት ነው።

አረቄና የነዳጅ ኢታኖል

ሁለቱም ውስጥ የሚነድደው ነገር አንድ ነው። ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው። ተራ አረቄ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ዳግም አረቄም ቢሆን ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ደጋግመው ቢያወጡት አልኮሉ እየጨመረ ይሄዳል፣ ነገር ግን ተራ ማፍላትና ማቀዝቀዝ የቱንም ያህል ቢደጋገም ከ96 በመቶ ገደማ አያሳልፍም። የቀረችውን ውሃ ለማውጣት ፋብሪካዎች የተለየ መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው ኢታኖል ከ99 በመቶ በላይ ንጹሕ መሆን አለበት። ለምን ቢሉ፣ ውሃ ያለበት አልኮል ከቤንዚን ጋር ሲገናኝ ውሃው አልኮሉን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ሞተሩ ነዳጅ የሚስበው ደግሞ ከታች ነው። የአርሶ አደራችንን ፓምፕ የገደለው ይኸው ነው።

ዋጋውንም አብረን እናስላ። በጥሩ ፋብሪካ አንድ ኩንታል በቆሎ 40 ሊትር ገደማ ኢታኖል ይሰጣል፤ በቤት ጋን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። አንድ ሊትር ኢታኖል የያዘው ጉልበት የቤንዚንን ሁለት ሦስተኛ ያህል ስለሆነ 40 ሊትሩ እንደ 27 ሊትር ቤንዚን ይቆጠራል። ፒካፕዎ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ ከሆነ አንድ ኩንታል በቆሎ ከባሕር ዳር ወረታ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ያስኬድዎትና ያልቃል። የማገዶውን አልቆጠርኩም።

ሞተሩ ላይ ምን ይቀየራል?

በመጀመሪያ፣ መኪናዎ የናፍጣ ከሆነ ይህን ክፍል ይለፉት። ኢታኖል በናፍጣ ሞተር በራሱ አይቀጣጠልም፣ የናፍጣ ፓምፑንም አያለሰልስም፤ ሳልቫትዮ ውስጥ ፈጽሞ አይጨምሩ።

ለቤንዚን መኪና ዋናው ነገር የነዳጅና የአየር ምጣኔ ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመንደድ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል፤ ኢታኖል 9 ኪሎ ይበቃዋል። ስለዚህ ያው አየር በገባ ቁጥር የሚገባው ኢታኖል ብዙ መሆን አለበት። ካርቡራቶር ባለው አሮጌ መኪና ነዳጁን የምትለካው ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን ተቀይራ የሚያልፈው ነዳጅ መጨመር ይኖርበታል። ይህ ሳይደረግ ንጹሕ ኢታኖል ቢሞሉ ሞተሩ ይራባል፣ ይግላል፣ ቫልቭና ፒስተን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜም ትንሽ ቀደም እንዲል ይደረጋል፤ ኢታኖል ሳያንኳኳ ከፍተኛ ግፊት ስለሚችል ከዚህ ጉልበት ይገኛል። ኢንጄክሽን ያላቸው አዳዲስ መኪኖች ላይ ሥራው የኮምፒውተር ነው፣ ለመንደር ጋራዥ አይሰጥም።

ሁለተኛው ቁም ነገር ጎማና ብረት ነው። ኢታኖል የአሮጌ መኪና የነዳጅ ጎማዎችን ያብጣል፣ ያሰነጥቃል፤ የካርቡራቶሩን አሉሚኒየምና ዚንክ ይበላል። ሳልቫትዮ ውስጥ ለዓመታት የተጋገረውን ቆሻሻም አራግፎ ፊልትሮ ላይ ይከምረዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ከሁሉ በፊት ፊልትሮውን ይዩ።

ሦስተኛው ብርድ ነው። ንጹሕ ኢታኖል ከ13 ዲግሪ በታች በቂ ትነት ስለማይሰጥ ሞተር ለማስነሳት ያስቸግራል። በታኅሣሥና በጥር የባሕር ዳር ማለዳ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ እርስዎ ደግሞ ቲማቲሙን ገበያ የሚያደርሱት በማለዳ ነው። የብራዚል መኪኖች ለዚህ ሲባል ለማስነሻ ብቻ የምታገለግል ትንሽ የቤንዚን ዕቃ ነበረቻቸው።

እንግዲህ የእኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ በአካባቢያችን ንጹሕ ኢታኖል የሚቀዳበት ማደያ ሳይኖር ፒካፕ አይቀየርም። “ጃዊ ላይ የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካ አለ አይደል?” የምትሉ አላችሁ። ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ይሰጣል፤ ኢታኖል የሚሰጠው ግን ራሱን የቻለ ማጣሪያ ሲተከልለት ነው። እስከዚያ ሊያጋጥምዎት የሚችለው እስከ 10 በመቶ የተቀላቀለ ቤንዚን ነው፤ ይህን ደግሞ አብዛኛው የቤንዚን ሞተር ያለ ለውጥ ይችለዋል። የአሮጌዎቹን ጎማ ብቻ ያሳዩ።

የገዙት ቤንዚን ኢታኖል እንዳለበት በቤትዎ ማወቅ ይችላሉ። ጠባብና ቀጥ ያለ የብርጭቆ ጠርሙስ ላይ ከታች ጀምሮ አሥር እኩል መስመር ያስምሩ። እስከ አንደኛው መስመር ውሃ፣ እስከ አሥረኛው ቤንዚኑን ይጨምሩ፤ ከድነው ይነቅንቁና ያስቀምጡት። ከታች የሚረጋው ውሃ መስመሩ ላይ ከቆመ ቤንዚኑ ኢታኖል የለበትም። ከፍ ካለ አልኮሉ ወደ ውሃው ገብቷል ማለት ነው። ይህን ሲያደርጉ ከምድጃና ከሲጋራ ይራቁ፤ የኢታኖል እሳት በፀሐይ ብርሃን ነበልባሉ እምብዛም አይታይም፣ ሰው እጁ ሲቃጠል ነው የሚያውቀው። ለነዳጅ የተዘጋጀ ኢታኖል ደግሞ መርዝ የተጨመረበት ስለሆነ ለመጠጥ አይሞከርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢታኖል ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የሐይቁ ዳር ክረምት ደግሞ እርጥበቱ ብዙ ነው። ፓምፕዎ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ከሆነ ድብልቅ ቤንዚን ውስጡ አይተዉ። ሳልቫትዮውን ያንጠፍጥፉ፣ የቀረው እስኪያልቅና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ያስነሱት፣ ከካርቡራቶሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትተው ጠብታዋን ያፍስሱ፣ ከዚያ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።