የሳል ሽሮፕ በአንጎል ላይ የሚተወው ምልክት

ሳል በየቤቱ እንደ ቀላል ሕመም ይታያል። ሽሮፑም ጣፋጭ በመሆኑና በመድኃኒት ስም በመጠራቱ ብዙዎች አይፈሩትም። ከአንዱ የተረፈው ለሌላው ይሰጣል፤ ጎረቤትም ይዋዋሰዋል። ይሁን እንጂ ከሳል ሽሮፖች መካከል ኮዴይን ያለባቸው አሉ። ኮዴይን የሞርፊን የቅርብ ዘመድ ነው።

ኮዴይን ወደ ሰውነት ሲገባ ከፊሉ በጉበት አማካይነት ወደ ሞርፊንነት ይለወጣል። ሞርፊን ወደ አንጎል ደርሶ ሳልንና ሕመምን ያስታግሳል፤ የደስታ ስሜትም ይፈጥራል። ያለ ልክ ሲደጋገም ግን አንጎል ይለምደዋል፤ በትናንቱ መጠን አይረካም። ሲቀርበትም ላብ፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ።

በቻይና በጓንግዡ ከተማ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ሽሮፕ ለረጅም ጊዜ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎችን አንጎል ኤም.አር.አይ. በሚባለው በማግኔት ኃይል በሚሠራ መሣሪያ አንስተው ሽሮፕ ከማይጠጡ ሰዎች ጋር አነጻጽረዋል። በ2006 ዓ.ም. ታትሞ በወጣው ጥናት እንደታየው፣ ከግንባር በስተኋላ የሚገኘው አንዱ የአንጎል ክፍል በጠጪዎቹ ላይ መጠኑ ቀንሶ፣ ከሌሎች ክፍሎች ጋር ያለው ግንኙነትም ተዛብቶ ተገኝቷል። ይህ ክፍል ጥቅምንና ጉዳትን ለማመዛዘን፣ ምኞትንም ለመግታት የሚያገለግል ነው። ጠጪዎቹም ሳያስቡ የመቸኮል ባሕርይ ጎልቶባቸዋል።

እርግጥ ነው፣ ፎቶግራፉ ብቻውን ለውጡ ከሽሮፑ በፊት ይኑር ወይም በኋላ ይምጣ ለይቶ አይናገርም። ቢሆንም አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል። «ተው» የተባለ ልጅ አልተው ያለው ከንቀት ወይም ከብልግና ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ራሱን የሚገታበት ልጓም ላልቶበት ይሆናል። ስለዚህ ዱላና ስድብ አያድነውም፤ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ችግሩ የአንድ አገር ብቻ አይደለም። ቻይና በ2007 ዓ.ም. ኮዴይን ያለባቸውን ፈሳሽ መድኃኒቶች በጥብቅ ቁጥጥር ሥር አድርጋለች። ናይጄሪያም በ2010 ዓ.ም. ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ እንዳይመረትና ከውጭ እንዳይገባ አግዳለች።

ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በ1988 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶ 29 ያህሉ ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ዘረ መል በእጥፍና ከዚያም በላይ ሆኖ ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ሊያመነጭ ይችላል። ይህም ትንፋሽን እስከ ማዳከም ይደርሳል። በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ በእናት ጡት ወተትም ሊተላለፍ ይችላል።

ስለዚህ እናቶች የሚከተለውን ልብ ይበሉ፦

— ሽሮፕ ሲገዙ ኮዴይን ይኑርበት እንደሆነ የመድኃኒት ባለሙያውን ይጠይቁ።

— ኮዴይን ያለበትን የሳል መድኃኒት ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፈጽሞ አይስጡ፤ የሚያጠቡ ከሆነም አይውሰዱ።

— ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ፤ የተረፈውንም ለሌላ ሰው አይስጡ።

— ባዶ ብልቃጥ በልጅዎ ክፍል ደጋግመው ቢያገኙ፣ ማንቀላፋትና ከቤተሰብ መራቅ ቢያዩበት፣ ቀርበው ያነጋግሩት፤ ወደ ጤና ድርጅትም ይውሰዱት።

— ሽሮፕ የጠጣ ሰው ትንፋሹ ቢዘገይና ቢቀሰቅሱት አልነቃ ቢል፣ ጊዜ ሳይሰጡ ሐኪም ቤት ያድርሱት።

የሱስ ጉዳት በፊት ላይ ከመታየቱ አስቀድሞ በአንጎል ውስጥ ሥራውን ሊጀምር ይችላል። ብልቃጡን ከመክፈት በፊት የተጻፈበትን ማንበብ የእናት ጥንቃቄ መጀመሪያ ይሁን።