ዋና የማያውቅ ሰው ጠላቂ ሊሆን ይገባዋልን?

በጉና ተራራ ሥር የሚኖርና ባሕር በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ተማሪ ስለ ጠላቂዎች ሊጽፍ ሲነሣ «ይህ ምን አገባው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ያገባኛል፤ ምክንያቱንም አስቀድሜ ልናገር።

ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር የአጎቴ ልጅ ፎገራ ላይ የጉማራን ወንዝ ሲሻገር ደራሽ ውሃ ወሰደው። ዋና የሚችሉ የመንደሩ ጎረምሶች ወገባቸውን በገመድ ታስረው፣ ሽማግሌዎች የገመዱን ጫፍ ይዘውላቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲጠልቁ ዋሉ። ውሃው ከጉና አፈር ጠራርጎ የወረደ ስለ ነበረ በእጃቸው ይዳስሱ ነበር እንጂ በዓይናቸው የሚያዩት ነገር አልነበረም። በሦስተኛው ቀን አገኙት። በለቅሶው ላይ አንድ ሽማግሌ «አየር በጀርባው ተሸክሞ የሚጠልቅ ሰው ቢኖረን ኖሮ» ሲሉ ሰማሁ።

ትምህርት ሲከፈት ወደ ደብረ ታቦር ተመልሼ ነገሩን ለክፍል ጓደኞቼ ባወራሁላቸው ጊዜ ክርክር ተነሣ። አንዱ «አየሩን በጀርባው ከተሸከመ ዋና ምን ያደርግለታል? መኪና የሚነዳ ሰው ሯጭ መሆን አለበትን?» አለ። ክፍሉም አጨበጨበለት። እኔ በዚያን ሰዓት መልስ አጣሁ። ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልሴ ነው።

መሣሪያው እንዲህ ያለ ነው። በ1943 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ሁለት ፈረንሳውያን፣ የባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን፣ ጠላቂው በሳበ ጊዜ ብቻ አየር የሚለቅ መክፈቻ ሠሩ። ጠላቂው ታምቆ የተሞላ አየር ያለበት ሲሊንደር ያዝላል። ብዙ ሰው እንደሚያስበው ንጹሕ ኦክሲጅን አይደለም፤ አዘውትሮ የሚሞላው እኛ የምንተነፍሰው ተራ አየር ነው። መክፈቻውም የአየሩን ግፊት በዙሪያው ካለው የውሃ ግፊት ጋር ያስተካክልለታል። በቀላሉ እንዲሰምጥ ወገቡ ላይ እርሳስ ይታጠቃል። አየር የሚነፋ ሰደርያም ይለብሳል፤ ሲነፋው ይንሳፈፋል፣ ሲያስተነፍሰው ይወርዳል። በእግሩ የዳክዬ እግር የሚመስል ላስቲክ ያጠልቃል። እንግዲህ ጓደኛዬ የተናገረው ግማሹ እውነት ነው፤ ከውሃ በታች ያለ ጠላቂ እጁን አጣጥፎ፣ እግሩን ቀስ አድርጎ እያወዛወዘ ይሄዳል እንጂ እንደ ዋናተኛ አይታገልም።

ዳሩ ግን መኪናው ሲበላሽበት ነጂው ወርዶ መሬት ላይ ይቆማል። የጠላቂው መሣሪያ ሲበላሽ ጠላቂው በምን ላይ ይቆማል? አየሩ አልቆ ወደ ላይ ወጣ እንበል፤ ሰደርያው ተቀደደ፣ ጀልባዋም በማዕበል ርቃ ሄደች። በዚያን ጊዜ ያለው ሀብት ክንዱና እግሩ ብቻ ነው። ስለዚህም በ1966 በአሜሪካ የተመሠረተው ፓዲ የተባለው የጠላቂ አስተማሪዎች ማኅበር ለጀማሪ ጠላቂ የምስክር ወረቀት ከመስጠቱ በፊት 200 ሜትር ያዋኘዋል፤ ወይም በመነጽር፣ በመተንፈሻ ቱቦና በእግር ላስቲክ 300 ሜትር። ደግሞም ምንም ነገር ሳይደገፍ 10 ደቂቃ ተንሳፍፎ መቆየት አለበት። የሰዓት ገደብ የለበትም፤ የአዋዋኑም ዓይነት አይመረጥም። በአስተማሪ ተይዞ ለአንድ ቀን ለመሞከር ብቻ የመጣ ሰው ግን ይህን ፈተና አይጠየቅም። ይህ ልዩነት ለእኔ ትክክል ይመስለኛል፤ እንግዳውን የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነውና።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ድንጋጤ ነው። እዚህ ላይ የፊዚክስ ትምህርታችን ይረዳናል። በባሕር ውስጥ 10 ሜትር የወረደ ሰው የሚተነፍሰው አየር በላይ ካለው አየር ግፊት እጥፍ አለው። እዚያ 4 ሊትር አየር በሳንባው ይዞ አፉን ዘግቶ ቢወጣ አየሩ 8 ሊትር ልሁን ይላል። ሳንባም ሊቀደድ ይችላል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ በላዩ ያለው አየር ስስ ነው፤ ስለዚህ ያው 4 ሊትር ወደ 9 ሊትር ይጠጋል። የእኛ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ15 ሜትር ባይበልጥም በዚህ ረገድ ከባሕር የባሰ መሆኑን ሳሰላ ራሴ ደነገጥሁ። የጠላቂም የመጀመሪያ ሕግ «ትንፋሽህን አትያዝ፣ ቀስ ብለህ ውጣ» የሚል ነው። ውሃ የለመደ ሰው መነጽሩ ውስጥ ጥቂት ውሃ ቢገባበት ያስወጣዋል። ዋና የማያውቅ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ውሃን የሚያውቀው እንደ ገዳይ ስለ ሆነ ትንፋሹን ውጦ ወደ ላይ ይሸሻል። ሲሊንደሩ አየር ሞልቶ ሳለ የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው።

የአማርኛ ቋንቋችን ይህን ክርክር ቀድሞ የፈረደው ይመስላል። በአዲስ አበባ ሰው ጉድጓድ ወይም ወንዝ ውስጥ ሲገባ የእሳትና የአደጋ ኮሚሽኑ የሚልካቸውን ሰዎች በራዲዮ «ጠላቂ ዋናተኞች» ሲሏቸው እንሰማለን። ጠላቂ ብቻ አላሏቸውም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች ውሃ በልቷቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ስለዚህ ጉዳይ የሰየመው መታሰቢያ ቀን በእኛ ሐምሌ 18 ነው፤ ርብና ጉማራ ከአፍ እስከ አፋቸው በሚሞሉበት ወር ማለት ነው። በጎርፍ ውሃ ለሚሠራ ጠላቂ ደግሞ 200 ሜትር እንኳ የሚበቃ አይመስለኝም፤ በጨለማ በገመድ እየተመራ በዳሰሳ የሚሠራ ነውና። መሣሪያ ወደ አገራችን ቢመጣ አስቀድሞ መሰጠት ያለበት በገመድ ታስረው ለጠለቁት ለእነዚያ ጎረምሶች ነው። የትምህርቱን ከባዱን ክፍል ያለ አስተማሪ ጨርሰውታል።

እኔ ራሴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ክርክር ስጀምር ዋና አልችልም ነበር። በጥር ወር ውሃው ሲጎድል ከእነዚያ ጎረምሶች አንዱ በጉማራ ዳር ባለ ጥልቅ ኩሬ ያስተምረኝ ጀመር። ሆዴን ወደ ሰማይ አድርጌ ስንሳፈፍ እርሱ ዳር ቆሞ በሰዓቱ ይቆጥርልኛል። እስካሁን 4 ደቂቃ ደርሻለሁ።