የተጠመዘዘ መንገድ ጠቋሚ፦ የመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተሮችን የኔትወርክ ሴቲንግ ከአጥፊ ፕሮግራሞች ስለ መጠበቅ

ስለ ኮምፒዩተር ቫይረስ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ፋይል ስለሚያጠፋ ወይም ማሽን ስለሚያዘገይ ፕሮግራም ነው። ይሁን እንጂ አንድም ፋይል ሳይነኩ፣ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የተመዘገበ አንድ ቁጥር ብቻ ለውጠው ዝም የሚሉ አጥፊ ፕሮግራሞች አሉ። በዚህ ጽሑፍ ያ ቁጥር ምን እንደሆነ፣ ሲለወጥ ምን እንደሚከተልና መሥሪያ ቤቶች እንዴት ሊጠብቁት እንደሚችሉ እንመለከታለን።

ስም ወደ ቁጥር እንዴት ይለወጣል?

ኮምፒዩተሮች በኢንተርኔት ላይ የሚፈላለጉት በስም ሳይሆን አይፒ አድራሻ በሚባል ቁጥር ነው። ሰው ደግሞ ከቁጥር ይልቅ ስም ማስታወስ ይቀለዋል። ሁለቱን የሚያገናኘው ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1983 የነደፈው፣ በምሕጻረ ቃል ዲኤንኤስ የሚባለው ሥርዓት ነው። ተጠቃሚው የአንድ ባንክ ድረ ገጽ ስም ሲጽፍ ኮምፒዩተሩ አስቀድሞ ወደ አንድ የዲኤንኤስ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፤ ሰርቨሩም ስሙ የሚገኝበትን ቁጥር ይመልሳል። ነገሩ ለከተማው እንግዳ የሆነ መንገደኛ የሰፈር ስም ጠርቶ አቅጣጫ እንደሚጠይቀው ነው። መንገደኛው የተነገረውን አምኖ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም።

የትኛው ሰርቨር እንደሚጠየቅ የሚወስነው በኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ የተመዘገበው ቁጥር ነው። እንግዲህ ይህን ቁጥር የለወጠ ወገን መንገድ ጠቋሚውን አስወግዶ የራሱን ሰው አቆመ ማለት ነው። በሚሊሜትር የተከፈለው ማስመሪያ ራሱ ከተሳሳተ ጥንቃቄ የተሞላበት ልኬት ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን፣ እዚህም ተጠቃሚው የፈለገውን ያህል ቢጠነቀቅ የሚደርሰው አጭበርባሪው ወደ መረጠለት ቦታ ነው።

የ4 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮች ታሪክ

ጉዳዩ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2011 ድረስ ዲኤንኤስ ቼንጀር የተባለ ፕሮግራም ከ100 በሚበልጡ አገሮች ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን እንደያዘ የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ አስታውቋል። የጠፈር ምርምር ተቋሙ የናሳ ኮምፒዩተሮችም ከተጠቁት መካከል ነበሩ። ፕሮግራሙ ይገባ የነበረው አንዳንዴ «ቪዲዮውን ለማየት ይህን ጫኑ» በሚል ማባበያ ነው። ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ ተጠቃሚው ለቪዲዮው ሲጣደፍ የዲኤንኤስ ቁጥሩ ከ85.255.112.0 እስከ 85.255.127.255 እንዳሉት ባሉ፣ በወንጀለኞቹ እጅ በነበሩ አድራሻዎች ይተካ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአፕልን የሙዚቃ መደብር የፈለገ ሰው ግንኙነት ወደሌለው ሌላ ሻጭ ይወሰዳል፤ በድረ ገጾች ላይ የሚታዩ ማስታወቂያዎችም በሌሎች ይተካሉ። አጭበርባሪዎቹ በዚህ መንገድ ቢያንስ 14 ሚሊዮን ዶላር አግኝተዋል። ፕሮግራሙ የጸረ ቫይረስ ማሻሻያዎች እንዳይደርሱ ስለሚከለክል ማሽኑን ለሌሎች ጥቃቶችም ያጋልጠው ነበር። የፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ራውተሮችንም ከፍቶ ለመግባት ይሞክር ነበር፤ ራውተሩ ከተያዘ ደግሞ ከእሱ ጋር የተገናኘ ጤነኛ ኮምፒዩተር ሁሉ አብሮ ይሳሳታል።

ኖቬምበር 8 ቀን 2011 ስድስት ተጠርጣሪዎች በኢስቶኒያ ተያዙ። ነገር ግን አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ተነሣ፤ የወንጀለኞቹ ሰርቨሮች ወዲያው ቢዘጉ በእነሱ የሚመሩት ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ ኢንተርኔት ያጣሉ። ስለሆነም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ኢንተርኔት ሲስተምስ ኮንሶርቲየም የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ንጹሕ ሰርቨሮችን በቦታቸው ተክቶ እንዲያሠራ ተደረገ። ጊዜው እስከ ማርች 8 ቀን 2012 ነበር፤ ስላልበቃም እስከ ጁላይ 9 ተራዘመ። በዚያም ቀን ገና ያልተስተካከሉት ኮምፒዩተሮች በመቶ ሺዎች ይቆጠሩ ነበር። ሌባው ቢታሰርም የለወጠው ቁጥር በራሱ አይመለስም።

መከላከያው

በብዙ መሥሪያ ቤቶች የተለመደው ዘዴ የኔትወርክ ሴቲንግ መስኮቱን ከሠራተኞች መደበቅ ነው። ይህ የሰውን እጅ ይከለክል ይሆናል፤ ፕሮግራሙን ግን አያግደውም። አጥፊ ፕሮግራም መስኮት ከፍቶ አይጫንም፤ በዊንዶውስ ሬጂስትሪ ውስጥ ቁጥሩን በቀጥታ ይጽፋል። ለመጻፍ ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስፈልገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መከላከያ ማንኛውም ሠራተኛ የዕለት ሥራውን በተራ ተጠቃሚነት እንዲሠራና የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በጥቂት ሰዎች እጅ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ሁለተኛው፣ በእኛ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው፣ በመሥሪያ ቤቱ መውጫ በር ላይ የሚቆም ጥበቃ ነው። የተለመደው የዲኤንኤስ ጥያቄ በ53 ቁጥር ፖርት ይወጣል። ፋየርዎሉ በዚህ ፖርት ወደ ውጭ የሚያሳልፈው የመሥሪያ ቤቱን የራሱን የዲኤንኤስ ሰርቨር ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩ የተለወጠበት ኮምፒዩተር ወደ አጭበርባሪው መድረስ ያቅተዋል። ሠራተኛው «ኢንተርኔት አልሠራ አለኝ» ብሎ ሲመጣና የፋየርዎሉ መዝገብ ሲታይ የታመመው ማሽን ይለያል። ዝም ብሎ የነበረው በሽታ ምልክት አሳየ ማለት ነው። ይሁንና ዛሬ አንዳንድ ብራውዘሮች የዲኤንኤስ ጥያቄን አመሥጥረው በ443 ፖርት ስለሚልኩ፣ ይህ በር ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል።

ሦስተኛው የራውተሮችን የፋብሪካ የይለፍ ቃል መቀየርና ሶፍትዌራቸውን ማደስ ነው። በመጨረሻም ብራውዘሩ «የዚህ ገጽ ሰርቲፊኬት አልተረጋገጠም» ብሎ ሲያስጠነቅቅ አልፎ አለመሄድ ያስፈልጋል። ጠቋሚው ቢዋሽም ሐሰተኛው ገጽ የእውነተኛውን ባንክ ሰርቲፊኬት በቀላሉ ሊያቀርብ አይችልምና፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ምስክር ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አንባቢያን ዛሬውኑ የኮምፒዩተራቸውን የኔትወርክ ዝርዝር ከፍተው የዲኤንኤሱን ቁጥር በወረቀት ቢመዘግቡ መልካም ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የኔትወርክ ባለሙያውን ይጠይቁ። ከወር በኋላ መልሰው ሲያዩት ሳያውቁት ተለውጦ ካገኙት ምርመራው ከዚያ ይጀምር።