ፈቃድ ከወዴት ይመጣል? ስለ «ኢንዲሲዥን» ልቦለድ



ዛሬ የምንመለከተው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ከንከል በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ኢንዲሲዥን» የተሰኘ አስቂኝ ልቦለድ ነው። ባለታሪኩ ድዋይት ዊልመርዲንግ የ28 ዓመት የኒው ዮርክ ወጣት ሲሆን፣ ግብዣ ለመቀበል እንኳ ሳንቲም ይወረውራል። ሕመሙ የአማራጭ ብዛት እንጂ እጦት አይደለም፤ አንዱን መያዝ ሌላውን ማጣት ስለሚመስለው ሁሉንም ለነገ ያሳድራል።

አንድ ጓደኛው ቆራጥነትን ይመልሳል የተባለ፣ ገና በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ይሰጠዋል። ድዋይት መድኃኒቱን ይወስዳል፤ ወደ ኢኳዶርም ይጓዛል። እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፦ ሰው የወሰነው ኪኒን ስለዋጠ ከሆነ፣ ውሳኔው የማን ነው?

በእኔ ንባብ መልሱ ያለው በጉዞው ውስጥ ነው። ድዋይት ከብሪጂድ ጋር ተገናኝቶ የምቾቱን ዋጋ የሚከፍሉት ሌሎች መሆናቸውን ሲረዳ፣ «ምን ልምረጥ?» የሚለው ጥያቄ «የማን ባለዕዳ ነኝ?» ወደሚል ይለወጣል። በመጨረሻም ዴሞክራሲያዊ ሶሻሊስት መሆኑን በአደባባይ ያውጃል።

ለውጡ ችኩል ነው ማለት ይቻላል። ያም ሆኖ አንድ ቁም ነገር ይቀራል፦ ፈቃድ ለብቻ በማሰላሰል ብቻ አይበስልም፤ ለሌሎች ያለብንን ግዴታ ስናውቅ አቅጣጫ ያገኛል።