ሕፃን ልጅ ትኩሳት ሲይዘው ስለሚደረግለት ጥንቃቄና ወደ ሐኪም ቤት ስለሚወሰድበት ጊዜ

ትኩሳት በራሱ በሽታ አይደለም፤ በሰውነት ውስጥ በሽታ መግባቱን የሚያስታውቅ ምልክት ነው። ሰውነት ከገቡበት ረቂቃን ተሕዋስያን ጋር በሚታገልበት ጊዜ ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ከመከላከያዎቹ አንዱ ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ ያለው ሕፃን ገና ብዙ ደዌ ያልለመደ ስለሆነ በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ትኩሳት ቢይዘው የሚያስደንቅ አይደለም። አብዛኛው ከጉንፋንና ጉንፋንን ከመሰለ ሕመም የሚመጣ ሆኖ በሁለትና በሦስት ቀን ይለቀዋል። ነገር ግን ከብዙዎቹ ቀላል ትኩሳቶች መካከል ጥቂቶቹ የሳንባ ምች፣ የማጅራት ገትር፣ የወባ ወይም የኩፍኝ መነሻዎች ናቸው። ስለዚህ በእኩለ ሌሊት ልጇን በጭኗ ላይ ያስተኛች እናት ልትጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ትኩሳቱ ምን ያህል ነው የሚለው ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ትኩሳት እስኪነጋ የሚጠበቅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው።

የሐርጌሳ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ የቀኑ ፀሐይ ቢበረታም ሌሊቱ ይበርዳል። በዚህ ምክንያት ማታ የተኮሰውን ልጅ ብርድ መታው በማለት ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ መደረብ፣ መስኮትንም ሁሉ መዝጋት የተለመደ ነው። ከኢትዮጵያ መጥተው በከተማይቱ በሚኖሩ ቤተ ሰቦችም ዘንድ ላብ ይውጣለት ተብሎ በጋቢ መጠቅለል አለ። ይህ ሁሉ ሙቀቱን በውስጥ ያፍናል እንጂ አያወጣለትም። ለሕፃኑ የሚበጀው አንድ ስስ ልብስ ለብሶ፣ ነፋስ በመጠኑ በሚገባበት ክፍል ማረፍ ነው። በእርግጥ ሲንቀጠቀጥና እጅና እግሩ ሲቀዘቅዝ በአንድ ነጠላ ወይም በቀላል አንሶላ መሸፈን ይቻላል፤ ብርዱ ሲለቀው ግን ወዲያው ይገለጥ።

በግንባር ላይ የተጫነ እጅ ልጁ መተኮሱን ያውቃል፤ መጠኑን ግን አያውቅም። በመድኃኒት መሸጫ የሚገኘው የሙቀት መለኪያ ዋጋው ውድ ስላልሆነ በየቤቱ ቢኖር መልካም ነው። መለኪያው በደረቀ ብብት ውስጥ ገብቶ ክንዱ ከደረት ጋር ተጣብቆ ይያዛል። በብብት የተለካ ሙቀት 37.5 ሲደርስ ትኩሳት ይባላል፤ 38.5 ሲያልፍ ከፍተኛ ነው፤ 39 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ልጁ በጥብቅ መጠበቅ አለበት። ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። 39.5 ደርሶ ውሃ የሚጠጣ፣ መጫወቻውን የሚፈልግና እናቱን አይቶ ፈገግ የሚል ሕፃን፣ 38 ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ከሚተኛውና ዓይኑን ካልገለጠው ይሻላል። በአንድ ነገር ግን ቁጥሩ ፈራጅ ነው፤ ዕድሜው ሦስት ወር ያልሞላው ጨቅላ 38 ከደረሰ፣ ሌላ ምልክት ባይኖረውም እንኳ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

ትኩሳት የያዘው ልጅ በላብና በትንፋሽ ብዙ ውሃ ስለሚወጣው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መጠጥ ነው። ጡት የሚጠባ ከሆነ ከወትሮው አብልጦ ይጥባ፤ ሌላውም ልጅ ጥቂት በጥቂት፣ ደጋግሞ ይጠጣ። ምግብ ቢጠላ አይገደድ፤ መጠጥ መጥላቱ ግን በቸልታ የሚታይ አይደለም። ለከተማይቱ የሚደርሰው ውሃ፣ ከጌድ ዴብሌ ጉድጓዶች በቧንቧ የመጣውም ሆነ በቦቴ መኪና ወይም በአህያ ጋሪ የተሸጠው፣ በበርሜልና በጄሪካን ሲቆይ ስለሚበከል ለሕፃን የሚሰጠው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። የግመልም ሆነ የላም ወተት እንዲሁ ይፈላ፤ ጥሬ ወተት ሳምንታት የሚቆይ ትኩሳት የሚያመጣ በሽታ ያስተላልፋልና። ተቅማጥ ከታከለበት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ዱቄት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ ፓኬት ተበጥብጦ ይሰጠዋል፤ ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈው ይደፋል።

ስለ ማስታገሻ መድኃኒት በሰፊው መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራው በዚህ ነውና። ፓራሲታሞል የሚሰጠው ልጁ እንዲያርፍና እንዲጠጣ ለመርዳት ነው፤ በሽታውን አያድንም። መጠኑ በዕድሜ ሳይሆን በክብደት የሚለካ ሲሆን፣ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው። እንግዲህ 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ይበቃዋል ማለት ነው። በየስድስት ሰዓቱ ሊደገም ይችላል፤ በሌሊትና በቀን ውስጥ ግን ከአራት ጊዜ አይበልጥም። ችግሩ በገበያ ላይ ያለው ሽሮፕ ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። በአንዱ ጠርሙስ አምስት ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም ሲኖር፣ በሌላው በዚያው ልክ 250 ሚሊ ግራም ይገኛል። ባለፈው ጊዜ አንድ ማንኪያ ሰጥቼው ነበር በማለት ዛሬም አንድ ማንኪያ የምትሰጥ እናት፣ ጠርሙሱ ከተለወጠ ሳታውቀው እጥፍ ትሰጠዋለች። የወጥ ቤት ማንኪያም አንዱ ከሌላው ስለሚለያይ ከጠርሙሱ ጋር በመጣው መስፈሪያ መለካት ይገባል። የጉንፋን ሽሮፕ ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ በውስጣቸው ይኸው ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሁለቱን ደርቦ መስጠት ጉበትን ይጎዳል። አስፒሪን ለሕፃናት አይሰጥም፤ አልፎ አልፎ አንጎልንና ጉበትን የሚያጠቃ ብርቱ ሕመም ያመጣልና። ከቀድሞ ሕመም የተረፈ አንቲባዮቲክም ከጉንፋን አያድንም፤ ሐኪሙ በኋላ የበሽታውን ምክንያት እንዳያገኝ ያውከዋል እንጂ።

በቀዝቃዛ ውሃ መንከር፣ በአልኮል ማሸት የቀረ ልማድ ሊሆን ይገባዋል። ቀዝቃዛው ውሃ ልጁን ያንቀጠቅጠዋል፤ መንቀጥቀጡም ውስጣዊ ሙቀቱን ይጨምራል። አልኮሉ በቆዳና በትንፋሽ ገብቶ ይመርዘዋል። በኢትዮጵያውያን ቤት ምች መታው ሲባል የሚጨመቀው ዳማ ከሴ ለአዋቂ ሰው ሽታው ደስ ቢያሰኝም፣ በሕፃን አፍንጫና አፍ ሲንቆረቆር ወደ ሳንባ ይገባል።

ከዚህ የከፋም አለ። በዚህ ዕድሜ የልጁ ጥርስ የሚበቅልበት ጊዜ ስለሆነ ትኩሳቱን ሁሉ ለጥርስ መስጠት በሶማሌም በሐበሻም ዘንድ አለ። ሶማሌዎቹ ገና ያልበቀለውን ጥርስ «ኢልኮ ዳዖ»፣ ማለትም የቀበሮ ጥርስ ብለው ይጠሩታል፤ በእኛ አገር ግግ ይባላል። ድዱ ተሰንጥቆ ይወጣል፤ በሌላ ጊዜም እንጥል ይቆረጣል፣ ወይም ደረትና ሆድ በጋለ እንጨት ወይም ብረት ይተኮሳል። ጥርስ ማብቀል ልጁን ያነጫንጨዋል፣ ለሃጩንም ያዝረበርበዋል፤ ከፍተኛ ትኩሳት ግን አያመጣም። ስለዚህ ድዱ በሚሰነጠቅበት ሰዓት እውነተኛው በሽታ፣ ምናልባትም የሳንባ ምች፣ በውስጥ እየገፋ ነው። ባልተቀቀለ መሣሪያ የተሰነጠቀው ድድም ደም መፍሰስና ሌላ መመረዝ ይጨምርበታል። ይህን የሚያደርጉ አያቶች ልጁን ስለሚወዱ እንጂ ስለሚጠሉ አለመሆኑ የታወቀ ነው፤ ስለሆነም በቁጣ ሳይሆን በትዕግሥት ሊነገራቸው ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው እንደሆነ፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ እንደሆነ፣ አካሉ ተንፈራግጦ ራሱን የሳተ እንደሆነ፣ ወይም ፈዝዞ ሲቀሰቅሱት በደንብ የማይነቃ እንደሆነ ንጋትን መጠበቅ አይገባም። አንገቱ ደርቆ ወደ ደረቱ ማጠፍ ሲሳነው፣ እርግብግቢቱ ገና ያልተገጠመ ልጅም ሆኖ ሲያለቅስ ሳይሆን በጸጥታ ተቀምጦ ሳለ እርግብግቢቱ ሲያብጥ፣ የማጅራት ገትር ይጠረጠራል። በቆዳው ላይ ነጠብጣብ ቢወጣ በብርጭቆ ተጭኖ ይታይ፤ ሲጫኑት የማይጠፋ ከሆነ ሰዓት የማይሰጥ አደጋ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ይህ በቀላሉ ስለማይለይ መዳፉን፣ የእግሩን ውስጥና የአፉን ውስጥ መመልከት ይሻላል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ የሌለው፣ ስምንት ሰዓት ያህል ሽንት ያልሸና፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቀስ ብሎ የሚመለስ ልጅ ውሃ ከሰውነቱ አልቋል።

የሳንባ ምችን ለመለየት ሰዓት ያለው ማንኛውም ሰው ይችላል። ልጁ ተኝቶ ወይም ረጋ ብሎ ሳለ ልብሱ ተገልጦ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ከአንድ ዓመት በላይ ለሆነ ሕፃን 40 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ደግሞ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ በዚያው ቀን መታየት አለበት። አየር ሲስብ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ ወይም የሚያቃስት ከሆነ ግን ወዲያው ይወሰድ።

ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ ከመቶ ሕፃናት ከሁለት እስከ አምስት የሚሆኑት በትኩሳት ምክንያት አንድ ጊዜ ይንፈራገጣሉ። ለሚያየው ሰው እጅግ የሚያስፈራ ነው፤ አንዱ ቡዳ ነው ሲል ሌላው ጂን ነው ይላል። አብዛኛው ግን ከአምስት ደቂቃ በፊት በራሱ ያቆማል፤ በአንጎል ላይም ጉዳት አይተውም። በዚያን ጊዜ ልጁን በጎኑ ማስተኛት፣ በዙሪያው ያለውን ጠንካራ ነገር ማራቅና ሰዓት መመልከት ይበቃል። በጥርሱ መካከል ማንኪያ ማስገባት፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ውሃ በአፉ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም። አምስት ደቂቃ ካለፈው እየተንፈራገጠም ቢሆን ይወሰድ፤ ቢያቆምለትም የመጀመሪያው ከሆነ በዚያው ዕለት ሐኪም ይመልከተው።

ልጁ በቅርብ ጊዜ ከቆላ አገር የመጣ እንደሆነ ሌላ ሂሳብ አለ። በሐርጌሳ ወባ ብዙ ባይሆንም፣ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ጅግጅጋና ወደ ድሬዳዋ፣ ወይም ወደ በርበራ ተጉዞ የተመለሰ ሕፃን ትኩሳት ሲይዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙ መመርመር አለበት። ከእስያ የመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 በኢትዮጵያ፣ በ2019 በሶማሌ አገር ተገኝታለች፤ በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2022 ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆናለች። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግ አትፈልግም፤ በከተማ ውስጥ ባለ በርሜልና ክዳን በሌለው የውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። የሰፈር ሹማምንት በየግቢው ያለው በርሜልና ቢርካ ክዳን እንዲኖረው ቢያደርጉ ብዙ ትኩሳት ከምንጩ ይቀራል። ስለ ኩፍኝም ቢሆን፣ በዘጠነኛው ወር የሚሰጠው የመጀመሪያ ክትባት በብዙ ሰፈር በቸልታ ይታለፋል፤ ትኩሳት፣ ሳልና የዓይን መቅላት ከታዩ በኋላ ሽፍታ ከፊት ጀምሮ ከወረደ ልጁ ከሌሎች ተለይቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

በከተማይቱ ሕፃን የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ። የሐርጌሳ ጠቅላላ ሐኪም ቤት በእንግሊዞች ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራ ነው። በሐኪሙና በፖለቲካው ሰው በመሐመድ አደን ሼክ ስም የተሰየመው ሐኪም ቤት ለሕፃናት የተለየ ነው። በብሪታንያ የተማሩት አዋላጅ ነርስ ወይዘሮ ኤድና አደን እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ሐኪም ቤት ደግሞ ቀድሞ የቆሻሻ መጣያ በነበረ ቦታ ላይ የተሠራ ሲሆን ብዙ አዋላጆችንና ነርሶችን አሠልጥኗል። ይሁን እንጂ ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሳለ በዝናብ ጊዜ በድንገት ይሞላል፤ ከወዲያ ማዶ የሚኖር ቤተ ሰብ በድልድዩ ካልሆነ መሻገር ያቅተዋል። ስለዚህ ማታ ላይ ልጁ ከከፋበትና ሰማዩ ከጠቆረ ጎርፉ ሳይመጣ መሻገር ከጸጸት ያድናል። ሌሊት የሚጠራውን ባለ ታክሲ ስልክ አስቀድሞ መያዝም እንዲሁ።

ከተባሉት ምልክቶች አንዱም ባይታይ፣ ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ካለ፣ ወይም ለቆት ሳለ ከአንድ ቀን በኋላ ከተመለሰ ለምርመራ ይወሰድ። ወደ ሐኪሙ ሲኬድ በአንዲት ወረቀት ላይ ትኩሳቱ የጀመረበት ሰዓት፣ የተለካው ቁጥር፣ የተሰጠው መድኃኒት መጠንና ሰዓት፣ ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የሸናበት ሰዓት ይጻፍ፤ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ራሱና የክትባቱ ካርድም አብረው ይያዙ። የአገሩን ቋንቋ የማታውቅ እናት ሶማልኛ የሚናገር ጎረቤት ይዛ ብትሄድ፣ ሐኪሙ የሚጠይቃትን ሳይሳሳት ይረዳላታል።